የሌላውን ፓርቲ እጩ መደገፍ፦ ስለ 2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርጫው ካለፈ ቆየ፤ ወሬው ግን አላለቀም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ “ቆይ ግን፣ ያ ቼኒ እንዴት ካማላን ደገፈ?” ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በረካውን የሚያስታውስ የለም። ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ቀንና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

“ኢንዶርስመንት” የሚሉት ምንድን ነው? በሕግ የሚያስከትለው ነገር አለ?

የለም። አንድ የታወቀ ሰው፣ ማኅበር ወይም ጋዜጣ “እኔ የምደግፈው እከሌን ነው” ብሎ በአደባባይ መናገሩ ብቻ ነው። የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር የሚከሰው የለም። የደጋፊውም ድምፅ እንደ ማናችንም ድምፅ አንዲት ናት። ዴሞክራት ሴናተር ዴሞክራት እጩ ቢደግፍ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ዜና የሚሆነው ሰውየው ከገዛ ቤቱ ወጥቶ የጎረቤቱን በር ሲያንኳኳ ነው።

ቅስቀሳው ያን ያህል የከረረው ለምንድን ነው?

ዓመቱን ማስታወስ ራሱ ያደክማል። ሜይ 30 ዶናልድ ትራምፕ በኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ34 ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ። ጁላይ 13 በትለር፣ ፔንሲልቬንያ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ተተኩሶባቸው ጆሯቸው ቆሰለ፤ ከታዳሚው አንድ ሰው ሞተ። ከስምንት ቀን በኋላ ጆ ባይደን ከውድድሩ ወጡና ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ ተተኩ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ጃንዋሪ 6፣ 2021 የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን ሕንፃ ጥሰው የገቡበት ነገር ነበረ። ግማሹ አገር አመፅ ይለዋል፣ ሌላው ግማሽ የተጋነነ ወሬ።

ስደተኛውን በቀጥታ የነካው ግን የሴፕቴምበር 10ሩ የፊላደልፊያ ክርክር ነው። ትራምፕ በስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ የሚኖሩ የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። እኔ ክርክሩን ባየሁበት ቤት መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ አንዲት እናት “ነገ ደግሞ የእኛ ተራ ነው” ስትል ቤቱ ጸጥ አለ።

የኦሃዮው አገረ ገዥ ማይክ ደዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፤ የተወለዱትም እዚያው ስፕሪንግፊልድ ነው። ወሬው መሠረት እንደሌለው ተናገሩ፤ ሄይቲዎቹ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች መሆናቸውንም በጋዜጣ ጻፉ። በዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ትራምፕን መደገፋቸውን እንደሚቀጥሉ አስታወቁ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። በእጩ መናደድ ወይም ማፈር አንድ ነገር ነው፤ ፓርቲ መሻገር ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ፖለቲከኛ የመጀመሪያው ላይ ይቆማል።

እነ ቼኒ ታዲያ ምን አሻገራቸው?

ዲክ ቼኒ የጆርጅ ቡሽ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ የኢራቅ ጦርነት ሲነሣ ስማቸው አብሮ የሚነሣ ሰው ናቸው። በኖቬምበር 2025 አርፈዋል። ልጃቸው ሊዝ ቼኒ ደግሞ አባታቸው በአንድ ወቅት የያዙትን የዋዮሚንግ የኮንግረስ ወንበር ይዘው ነበር። ዋዮሚንግ ያላት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ለቼኒ ቤት እንደ ርስት ነበር ማለት ይቻላል። ሊዝ በግብር፣ በጦርም ሆነ በጠመንጃ ጉዳይ ከሪፐብሊካኖች ሁሉ ቀኝ ከሚባሉት ተርታ ናቸው።

ነገሩ የተበላሸው ከጃንዋሪ 6 በኋላ ነው። ትራምፕ እንዲከሰሱ ድምፅ ከሰጡት አሥር ሪፐብሊካን ተወካዮች አንዷ ሆኑ። በሜይ 2021 ባልደረቦቻቸው ከፓርቲው አመራር አወረዷቸው። እርሳቸው ደግሞ ጉዳዩን የሚመረምረው ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ሆኑ። በኦገስት 2022 በዋዮሚንግ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ከ35 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ተሸነፉ። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ሊዝ ቼኒ ከፓርቲያቸው የወጡት ካማላን ሲደግፉ አይደለም። ፓርቲው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ አስወጥቷቸዋል።

ሴፕቴምበር 4፣ 2024 ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ለሃሪስ ድምፃቸውን እንደሚሰጡ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ አባታቸው ተከተሉ፤ በአገሪቱ የ248 ዓመት ታሪክ ለሪፐብሊኩ ከትራምፕ የባሰ አደጋ የሆነ ሰው አልታየም አሉ። ኦክቶበር 3 ደግሞ ሊዝና ሃሪስ በዊስኮንሲኗ ሪፐን አብረው ቆሙ። ቦታው ዝም ብሎ አልተመረጠም፤ በ1854 የሪፐብሊካን ፓርቲ ተወለደባት የምትባል ከተማ ናት። ሊዝ በዚያ መድረክ ለዴሞክራት መርጠው እንደማያውቁ፣ በዚህ ዓመት ግን በኩራት እንደሚመርጡ ተናገሩ።

ከዴሞክራት ቤት ወደ ትራምፕ የሄደስ የለም?

አለ እንጂ። ትልቁ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ናቸው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የወንድም ልጅ፣ ከዴሞክራቶች ሁሉ ዴሞክራት ከሚባለው ቤት የወጡ። በኤፕሪል 2023 በዴሞክራትነት ለመወዳደር ተነሡ፤ በኦክቶበር በግል ሆኑ፤ ኦገስት 23፣ 2024 አሪዞና ላይ ውድድሩን አቁመው ያንኑ ቀን ከትራምፕ ጋር መድረክ ላይ ወጡ። እህትና ወንድሞቻቸው የቤተሰቡን እሴት ከድቷል ብለው መግለጫ አወጡ። አስቂኙ ነገር፣ ትራምፕን ለመርዳት ስማቸው ከድምፅ መስጫው እንዲሰረዝ ቢጠይቁም በሚቺጋንና በዊስኮንሲን ሳይሰረዝ ቀረ።

ተልሲ ጋባርድ በ2020 ለዴሞክራት ፓርቲ እጩነት ተወዳድረው፣ ሲወጡ ባይደንን ደግፈው ነበር። በ2022 ፓርቲውን ለቀቁ፤ በኦገስት 2024 ትራምፕን ደገፉ፤ በኦክቶበር ሪፐብሊካን ሆኑ።

ሁለቱም ሹመት አገኙ፤ ኬኔዲ የጤና ሚኒስትር፣ ጋባርድ የብሔራዊ ደኅንነት መረጃ ዳይሬክተር። ሴኔቱ በፌብሩዋሪ 2025 ሁለቱንም በ52 ለ48 ሲያጸድቅ፣ “አይሆንም” ያሉት ብቸኛ ሪፐብሊካን አንጋፋው ሚች ማኮኔል ነበሩ።

ስለዚህ ሁሉም ለሥልጣን ብለው ነው የተሻገሩት ማለት ነው?

አይመስለኝም፤ ያተረፉትና የከሰሩት ግን እኩል አይደሉም። ሁለት ባላ የተከለ በአንዱ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ ባላው የተሰበረበትም አለ። የጆርጂያ ምክትል አገረ ገዥ የነበሩት ጄፍ ደንከን በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ተናግረው ለሃሪስ ቆሙ። በጃንዋሪ 2025 የግዛቱ ሪፐብሊካን ፓርቲ አባረራቸው፤ በዚያው ዓመት ዴሞክራት መሆናቸውን አስታወቁ። ሊዝ ቼኒና በዚያው ጉባኤ የተናገሩት የኢሊኖይ የቀድሞ ተወካይ አዳም ኪንዚንገር ደግሞ ከቀሩት የጃንዋሪ 6 መርማሪ ኮሚቴ አባላት ጋር ባይደን ሥልጣን በለቀቁበት ቀን፣ ክስ ሳይመጣ ቀድሞ የተሰጠ ይቅርታ ተቀበሉ። ሃሪስ ቢያሸንፉ ምን ያገኙ ነበር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ካቢኔያቸው ውስጥ አንድ ሪፐብሊካን እንደሚሾሙ ሃሪስ ተናግረው ነበርና ጠያቂው ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

ማንንም ሳይደግፉ ዝም ያሉትስ?

የትራምፕ የገዛ ምክትል የነበሩት ማይክ ፔንስ አልደግፍም አሉ፤ ለሃሪስም አልሄዱም። ጆርጅ ቡሽ ለማንም ድጋፍ እንደማይሰጡ ቢሯቸው አስታወቀ። የጭነት መኪና ነጂዎቹ ትልቅ ማኅበር ቲምስተርስ ዴሞክራቶችን መደገፍ ልማዱ ነበር፤ በሴፕቴምበር ማንንም አልደግፍም አለ። ዋሽንግተን ፖስትም በምርጫው ዋዜማ እንዲሁ አደረገና ከ200 ሺህ በላይ ደንበኞች ኮንትራታቸውን ሰረዙበት። ዝምታም እንዲህ ያስከፍላል።

በመጨረሻ ውጤቱን ለወጠው?

ቁጥሩን ካየን፣ አልለወጠም። ፕሬዚዳንቱን በሚወስነው የየግዛቱ መራጭ ተወካዮች ድምፅ ትራምፕ 312 አገኙ፣ ሃሪስ 226። በሕዝብ ድምፅ 77 ሚሊዮን ገደማ ለ75 ሚሊዮን ነበር። ዋዣቂ የተባሉት ሰባቱም ግዛቶች ለትራምፕ ሄዱ፤ የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ሰሜን ካሮላይናም፣ የሪፐኗ ዊስኮንሲንም ጭምር። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ በተጠየቁት መሠረት ከሪፐብሊካኖች ለሃሪስ ድምፅ የሰጡት 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ባይደን በ2020 ያን ሁሉ ቼኒ ሳይዙ ያገኙት 6 በመቶ ገደማ ነበር።

የሃሪስ ሰዎች ስሌት ግን ጭራሽ የሞኝ አልነበረም። ኒኪ ሄሊ ከሪፐብሊካኑ ፉክክር በማርች 6 ከወጡ በኋላ እንኳ በኤፕሪሉ የፔንሲልቬንያ የፓርቲ ምርጫ ከ150 ሺህ በላይ ሰው መርጧቸዋል። ትራምፕ በኖቬምበር ፔንሲልቬንያን ያሸነፉት በ120 ሺህ ገደማ ብልጫ ነው። እነዚያን የሄሊ ሰዎች ማግኘት ምርጫውን ማግኘት ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ያላስኬደው፣ ሄሊ ራሳቸው በጁላይ በሪፐብሊካኖች ጉባኤ ላይ ቆመው ትራምፕን መደገፋቸው ነው። መራጮቹ ከሊዝ ቼኒ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ የተሻጋሪ ሰው ድጋፍ አዲስ መራጭ አያመጣም። ልቡ ቀድሞ ለሸፈተ፣ ግን ጎረቤቱን ለሚያፍር ሰው “ብቻህን አይደለህም” ይለዋል፤ ሥራው ያው ነው። በ2024 እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛው በ2020 ተሻግሮ አልቋል።

ቼኒን ይዞ መዞሩ ጎድቷቸዋል የሚሉትስ?

ይህን የሚሉት በሚቺጋን ብዙ ናቸው። ዲርቦርን አረብ አሜሪካውያን በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ናት። በ2020 ባይደን በሰፊ ልዩነት ያሸነፉባት ነበረች። በ2024 ትራምፕ 42 በመቶ፣ ሃሪስ 36 በመቶ ገደማ አገኙ፤ የግሪን ፓርቲዋ ጂል ስታይን 18 በመቶ ገደማ ወሰዱ። ዋናው ምክንያት ጋዛ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ጋዛ ላይ ልቡ የቆሰለ ሰው፣ ከኢራቅ ተሰድዶ የመጣ ጎረቤት ያለው ሰው፣ ልክ በዚያው ሰሞን የቼኒ ስም በኩራት ሲጠራ ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ትራምፕም ዕድሉን አልሳቱም፤ ሚቺጋን ሲመጡ ቼኒን ከጦርነት ጋር እያያዙ ደጋግመው አነሡ። በቅርቧ ባለችው ሃምትራምክ ያኔ ከንቲባ የነበሩት አሜር ጋሊብ ዴሞክራት ሲሆኑ በሴፕቴምበር ትራምፕን ደገፉ፤ በኋላ ለኩዌት አምባሳደርነት ታጭተዋል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቼኒ ባይኖሩም የብብቱ መውደቁ አይቀርም ነበር ባይ ነኝ። የጎደለው የጦርነቱ ፖሊሲ ላይ መልስ ነው፤ የመድረክ እንግዳ ለውጥ ያንን አይሞላውም።

ፓርቲ ተሻግሮ መደገፍ አዲስ ነገር ነው?

የቆየ ነው። ኮሊን ፓውል ሪፐብሊካን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ2008 ኦባማን ደገፉ። በዚያው ዓመት ጆ ሊበርማን የሪፐብሊካኖቹን እጩ ማኬይንን ደግፈው በሪፐብሊካን ጉባኤ ተናገሩ፤ ሊበርማን እኮ በ2000 የዴሞክራቶች የምክትል ፕሬዚዳንት እጩ ነበሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የጆርጂያው ዜል ሚለር ነው። በ1992 በዴሞክራቶች ጉባኤ ለክሊንተን ዋና ተናጋሪ ሆኑ። በ2004 ዴሞክራትነታቸውን ሳይለቁ በሪፐብሊካኖች ጉባኤ ለቡሽ ዋና ተናጋሪ ሆኑ። ሁለቱም ጉባኤ የተካሄደው በአንድ አዳራሽ፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ነው።

የእኛ ሰውስ? ሐበሻ ዴሞክራት ነው ይባል የለ?

ይባላል፤ በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ግን ነገሩ ተናወጠ።

ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ የሱዳንና የእስራኤልን ስምምነት ሲያበሥሩ በስልክ ስለ ሕዳሴ ግድብ ተናግረው፣ ግብፅ ታፈነዳዋለች አሉ። አዲስ አበባ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። በዚያ ሰሞን ለትራምፕ በጎ ቃል ያለው ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይቸግር ነበር። ባይደን ሲመጡ ብዙው ተስፋ አደረገ። በኖቬምበር 2020 የጀመረው የትግራይ ጦርነት ግን እየከፋ ሄደ። በሴፕቴምበር 2021 ባይደን ማዕቀብ የሚያስችል ትእዛዝ ፈረሙ። ያኔ በዋሽንግተን አደባባዮች ሁለት ዓይነት ሰልፍ ይወጣ ነበር። አንዱ “በቃ” እያለ በኢትዮጵያ ላይ ጫና ይነሣ የሚል፤ ሌላው ከትግራይ የሆነ፣ ቤተሰቡ በረሃብና በከበባ ውስጥ ያለ፣ ጫናው አነሰ እንጂ አልበዛም የሚል። አብረው ያደጉ ሰዎች በዚያ ወራት ሰላምታ አቁመዋል፤ አንዳንዶቹ እስካሁን አልጀመሩም።

ከመጀመሪያው ወገን የሆኑ የኢትዮጵያ አሜሪካውያን ቡድኖች “ለባይደን ፓርቲ መልእክት እንላክ” ብለው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ምርጫው ኖቬምበር 2 ነበር። በዚያው ቀን ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንደምትወጣ ለኮንግረስ አስታወቁ፤ በአዲስ አበባም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያንግኪን በ63 ሺህ ገደማ ድምፅ፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት አሸነፉ።

“እኛ ነን ያሸነፍናቸው” የሚል ወሬ ሰምተው ይሆናል። ተረጋጉ። ባይደን ከአንድ ዓመት በፊት ቨርጂኒያን በአሥር ነጥብ አሸንፈው ነበር፤ ያን ሁሉ ድምፅ ያዞረው በዋናነት የትምህርት ቤት ጉዳይና የኮሮና ምሬት ነው። ያም ሆኖ፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ዕድሜውን ሙሉ ዴሞክራት የመረጠ ሰው በዚያ ቀን ሌላ ስም ማጥቆሩ እውነት ነው። እንዲያ ያደረገውም የታወቀ ሰው ስለመከረው ሳይሆን ወንድሙን ደውሎ ስላነጋገረ ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። እጩ መደገፍ፣ ገንዘብስ መስጠት እችላለሁ?

መናገር፣ ሰልፍ መውጣት፣ በበጎ ፈቃድ ስልክ መደወልና በር ማንኳኳት ይችላሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለእጩ ገንዘብም መስጠት ይችላል፤ በ2024 ለፌዴራል እጩ የነበረው ጣሪያ ለአንድ ምርጫ 3,300 ዶላር ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው ያልተወሰነለት ወይም በቪዛ ያለ ሰው ግን አንድ ዶላርም መስጠት አይችልም። ለጓደኛ ሰጥቶ በጓደኛ ስም ማስገባትም ወንጀል ነው።

ድምፅ መስጠትን አያስቡት። በመራጭነት መመዝገቡ ራሱ መዘዝ አለው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ “ለምርጫ ልመዝግብዎት?” ብለው ቢጠይቁ “ዜጋ አይደለሁም” ይበሉ፤ ከወረቀቱ ላይም ያረጋግጡ። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ቅጽ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ብሎ ይጠይቃል። በስህተት የተመዘገበ ሰው ጠበቃ ሳያማክር ያን ቅጽ አይላክ።

ቤተ ክርስቲያናችን ወይም መስጊዳችን እከሌን ምረጡ ማለት ይችላል?

በ1954 ሊንደን ጆንሰን ሴናተር ሳሉ ያስገቡት ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እጩ እንዳይደግፉ ይከለክላል። በጁላይ 2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሃይማኖት መሪ በአምልኮ ጊዜ ለገዛ ምእመኑ ከእምነቱ ተነሥቶ ስለ እጩ ቢናገር ሕጉን እንደጣሰ አይቆጠርም አለ። ይህ የተባለው ስለ አምልኮ ቤት ነው። ከግብር ነፃ ፈቃድ ይዞ የሚሠራው የመረዳጃ ማኅበራችንና የእግር ኳስ ክለባችን በዚህ አይሸፈኑም። ቄሱም ሆኑ ሼኹ በግላቸው፣ ከመድረክ ወርደው፣ የወደዱትን መደገፍ ድሮም መብታቸው ነው። ካህኑ መቅደስ ሳሉ ባይናገሩት ግን እመርጣለሁ፤ የእኛ ጉባኤ የሚከፋፈልበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

በዴሞክራትነት ተመዝግቤ ለሪፐብሊካን መምረጥ እችላለሁ? ወይም በግልባጩ?

በኖቬምበሩ አጠቃላይ ምርጫ ማንንም መምረጥ ይችላሉ፤ ማን እንደመረጡ የሚያይ የለም። ልዩነቱ በፓርቲ ውስጥ ምርጫ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ነዋሪዎቿን በፓርቲ አትመዘግብም፤ በዕለቱ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መርጠው ይወስዳሉ። በሜሪላንድ ግን የዴሞክራቶችን እጩ ለመምረጥ ቀድሞ በዴሞክራትነት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለሪፐብሊካኖቹም እንደዚያው።

በአንድ ወረቀት ላይም መቀላቀል ይቻላል። በ2024 በሰሜን ካሮላይና ትራምፕ በሦስት ነጥብ ገደማ አሸነፉ። በዚያው ወረቀት ላይ ለአገረ ገዥነት የቀረቡት ዴሞክራት ጆሽ ስታይን ደግሞ ሪፐብሊካኑን ማርክ ሮቢንሰንን በ15 ነጥብ ገደማ ረቱ። ትራምፕንም ስታይንንም ያጠቆረ ብዙ መቶ ሺህ ሰው በዚያች ግዛት አለ።